ጋለሪ ውስጥ የቀሩ ዜማዎች

ስልኬ ውስጥ 34 ቪዲዮ አለ። ሁሉም ክራር እየደረደርኩ ራሴን የቀረጽኳቸው ናቸው። አንዷን ብቻ፣ ያውም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ፖስት አድርጌ አውቃለሁ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋኋት። ማንም አልሰደበኝም እኮ! ያያት ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

የፈራሁት ድምፄን አይደለም። «ዲግሪውን ሰቅሎ ክራር ታቅፎ ተቀመጠ» መባልን ነው። አብሮኝ የተመረቀው ሥራ ይዟል፣ እኔ ገና ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ እውላለሁ፤ በዚህ ላይ ዘፈን ምናምን ስለቅ የሰፈር ሰው እናቴን ምን ይላት ይሆን? ይሄ ነገር ስም አለው ወገን። ይሉኝታ ይባላል።

ይሉኝታ ሁሌ ክፉ አይደለም። ታላቅ እንድናከብር፣ በሰው ፊት እንዳንስገበገብ አድርጎ አሳድጎናል። ነገር ግን ምንም ሳናጠፋ እንደ ሌባ ሲያስደብቀን፣ ያኔ ጨዋነት መሆኑ ያበቃል።

ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከቤታችን ነው። ብዙዎቻችን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ እየሰማን ነው ያደግነው። ለሠርጋችን እንጠራዋለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፤ ልጃችሁን ላግባ ቢለን ግን ዘር ቆጥረን እንመልሰዋለን።

ጠላት ግን ዋጋውን ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና በየቦታው እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች እየተለቀሙ እንዲገደሉ አዟል። ጠመንጃ የታጠቀ ጦር ማሲንቆ የያዘን ሰው ፈራ። ፋሺስት የፈራውን እኛ እናፍርበት?

ሌላም ልጨምር። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ ሸክላውን ውጭ አገር አሳተመ። እሱ ካሳተማቸው ሥራዎች ብዙዎቹን ዛሬ የውጭ ሰው ኤትዮፒክስ በሚባሉት ሲዲዎች ላይ እየሰማ ይደነቃል። አምሃን የከለከለው አዋጅ ነበር። እኛን ማን ከለከለን? ስልኩ በእጃችን፣ ዜማው በጉሮሯችን ነው።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። አንዲት ልጅ ጓዳ ውስጥ ቆማ ትዝታ ስትጫወት ቪዲዮዋ ሥር «ሥራ ፈት»፣ «ጆሮዬን» እያለ የሚጽፈው ማነው? ባዕድ አይደለም፤ እኛው ነን። እኔም ጽፌ አውቃለሁ። ለሁለት ሰከንድ ሳቅ ብለን የአንድ ሰው የዓመት ድፍረት እንገድላለን፤ ከዚያ ዞረን «ባህላችን ጠፋ» እያልን እናለቅሳለን። ባህል እኮ በመፈክር አይቆይም፤ የሚጫወተው ሰው ሲኖር ነው የሚቆየው።

አያቴ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ልቅረጽህ ስለው «ኧረ ተው፣ የእኔን ደግሞ ምን ታደርገዋለህ» እያለ ስልኩን በእጁ ይገፋው ነበር። እኔም ነገ ይደርሳል እያልኩ ተውኩት። ሲሞት የአንድ ደቂቃ ድምፅ እንኳ አልቀረልንም። በሱ ዜማ ላይ የቀረን «ጎበዝ ነበር» የሚለው ወሬ ብቻ ነው። እሱ አፈረ፣ እኔ ዘገየሁ፣ ዜማው አብሮት ተቀበረ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ እንዲህ አድርግ፤ አንቺም እንዲሁ። ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፉት። ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ፤ ብርሃኑ ከጀርባ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የምትሆኑት። ከሦስት ጊዜ በላይ አትቅረጹ፤ ከሦስቱ የተሻለችውን ልቀቁ። ቅኝቱን ጻፉ፤ ባቲ ይሁን አምባሰል ይታወቅ። ዘፈኑ የሌላ ሰው ከሆነ የባለቤቱን ስም ጥሩ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ውጡ፤ ላይክ ስትቆጥሩ አትደሩ። «አውታርህ ረግቧል» ያለህን አመስግነው፣ አስተማሪህ ነው። ስድቡን ደምስሰው እለፍ።

የምናየው ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። ካልወደድነው ዝም ብለን እንለፍ። ከወደድነው «በርታ» ለማለት ምን ይጎድልብናል?

እኔ ዛሬ ማታ አንዷን እለቃለሁ። ሁለተኛው አውታር ትንሽ ወርዷል፣ መሀል ላይ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል። ይሁን። በዚህኛው ግን አላጠፋትም።

እናንተስ? ጋለሪያችሁ ውስጥ ስንት አለ?