ምርቃቱን የቆረጠው መቀስ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስቱዲዮ ያለው አንድ ወጣት ሰሞኑን አስቆመኝና፣ «ጋሼ፣ ሰዎች የድሮ የሠርግ ካሴት እያመጡ በዲቪዲ ሥራልን ይሉኛል። በፕሪሚየር ይሻላል በቬጋስ?» አለኝ። የኮምፒውተር ሰው የጠፋ ይመስል የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር መጠየቁ ገረመኝ። ግን መልስ አለኝ፤ ያውም ሲያንገበግበኝ የኖረ መልስ።

እህቴ በ2000 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ተዳረች። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተው መረቁ። የወሎን ምርቃት የሰማ ያውቀዋል፤ ቤት እየመታ ይወርዳል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፍ «አሚን!» ይላል። ካሜራው አጠገባቸው ነበር። ዲስኩ ሲመጣ ግን አባቴ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ ድምፃቸው የለም። ዘፈን ተጭኖበታል። ዙሪያቸውን ልብና ጽጌረዳ ይበርራል። ስቱዲዮው ሄደን ካሴቱን ብንጠይቅ፣ «ሌላ ሠርግ ቀርፀንበታል» ተባልን። አባቴ ካረፉ ዓመታት አለፉ። የእህቴ ልጅ «አያቴ ድምፃቸው እንዴት ነበር?» ስትል ሁላችንም ዝም እንላለን።

«ያኔ ቴክኖሎጂው አልነበረም» የሚል አይጠፋም። ውሸት ነው! በዚያ ዘመን የነበሩት ፕሪሚየርም፣ ዩሊድም፣ ፒናክልም የካሜራውን ድምፅና ዘፈኑን በየራሳቸው መስመር ያስቀምጡ ነበር። ዘፈኑን ዝቅ ማድረግ ማውስ የማንቀሳቀስ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ ነበር፤ ማስተዋሉ ነው የጠፋው። «ደንበኛው ነው እንዲህ የሚፈልገው» ለሚለኝ ደግሞ ግማሹን እቀበላለሁ። እኛም ብንሆን «የአባባን ምርቃት እንዳትነኩ» ብለን አልተናገርንም። ዝግጅታችን ሁሉ ለጭፈራው ነበር።

እኛ መምህራን «ሥነ ቃል ሰብስቡ» እያልን ተማሪዎችን በቴፕ ሪከርደር ወደ ገጠር እንልክ ነበር። ለካ በየሳምንቱ፣ በየድንኳኑ ቆሞ ሥነ ቃል ሲሰበስብ የኖረው የሠርግ ካሜራማን ነው! ማታ ሰብስቦ ጠዋት ያጠፋውም እሱ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ከሶፍትዌሩ በፊት የሥራህን ቅደም ተከተል ምረጥ። መጀመሪያ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ሳትቆርጥ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ ካሴት 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ይውሰድ! እሱን አስቀምጥና የፈለግኸውን በቅጂው ላይ ቁረጥ። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። ከሁለት ሰዓት ብዙ የሚያልፍ ሠርግ ካጨቅህበት ጭፈራው ላይ ሲደርስ ምስሉ ይበጣጠሳል፤ የአራት ሰዓቱን በሁለት ዲስክ አድርገው። እንደ መጽሐፍ ማውጫ ሥራለት፤ አንዱ ምዕራፍ «ምርቃት» ይባል። የዛሬው ፕሪሚየር ብቻውን ባለማውጫ ዲቪዲ አይሠራም፤ አጋዡ የነበረው ኤንኮርም ከሲኤስ6 ወዲህ ቀርቷል። ለዚህ ሥራ በነጻ የሚገኘው ዲቪዲ ስታይለር ይበቃሃል።

ዲስክም ዘላለማዊ አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ በተቀዳ ዲስክ ላይ መረጃው የሚጻፍበት ቀለም በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል። ዲቪዲ ማንበቢያ የሌላቸው ላፕቶፖችም በዝተዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከዲስኩ ጋር ያልተቆረጠውን ፋይል በሃርድ ዲስክ ይውሰድ፤ አንድ ቅጂም ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ልጁን አዝሎ የወጣ ሰው የሠርግ ዲስክ የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም። ይህን እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

በፕሪሚየርም ሆነ በቬጋስ፣ እጅህ በለመደው ሥራ። ዘፈንም ጨምር፣ ጽጌረዳም አብርር፤ ሠርግ ነውና። አባት ለምርቃት ሲነሡ ግን ዘፈኑን አጥፋው።