አልፈታ ስላለ የዘይት ፊልትሮ

የአውቶሞቢል ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ ፊልትሮው አልፈታ ብሎ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ አይተናል። በዚህ ጊዜ ቁጣና ጉልበት አይጠቅምም። ሞተሩን ጥቂት አሙቆ ማጥፋት፤ ፊልትሮውንም ከዘይት በደረቅ ጨርቅ አጽድቶ፤ በቀበቶ መፍቻ ከመሠረቱ አጠገብ ይዞ ወደ ግራ ማዞር ነው። በካቻቢቴ መብሳት ግን ቆርቆሮውን ይቀድዳልና የመጨረሻ መላ ይሁን።

ከወጣም በኋላ አሮጌው የጎማ ቀለበት ከሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን መመልከት ይገባል፤ በሁለት ቀለበት ላይ የታሰረ ፊልትሮ ዘይቱን አፍስሶ ሞተሩን ያቃጥላል፤ ቤተ ሰብንም በመንገድ ያስቀራል። አዲሱን ስናስገባ ቀለበቱን ዘይት እንቀባ፤ ቀለበቱ ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ብቻ ከዙር 3/4 ያህል ማጥበቅ ለብዙዎቹ ይበቃል። የዛሬው ችግር የመጣው ትናንት ያለ ልክ ካሰረው እጅ ነውና።