ስለ ዘንባባ ተከላ መዋጮ



ሰሞኑን አንዳንድ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ «ለመንገዳችን ዳር ትልልቅ ዘንባባ ከቆላ ስለሚመጣ 300 ብር አዋጡ» እያሉ ነው። እኛ ዘንባባ አንጠላም። የምንቃወመው የድሃ ገንዘብ ያለ ዕውቀት መሬት ውስጥ መቀበሩን ነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውርጭ ሰብል ሲያቃጥል ያላየ ማን አለ? ታዲያ ሙቅ አገር ያደገ ዛፍ ሥሩ ተቆርጦ፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ በጥቅምት ይተከል ማለት ምን ማለት ነው? ዘንባባ አዲስ ሥር የሚያወጣው አፈሩ ሲሞቅ ነው። ደግሞም እንደ ባሕር ዛፍ አይምሰላችሁ። ባሕር ዛፍ ከወገቡ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ የዘንባባ ግንድ ግን ልቡ አንድ ነው፣ እሱ ከሞተ ግንዱ አበቃለት።

«ዘንባባ በብርድ አገር ጭራሽ አይሆንም» የሚሉትም ልክ አይደሉም። ሮበርት ፎርቹን የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1849 እ.ኤ.አ. ከቻይና ወደ እንግሊዝ የላከው ዓይነት ዛሬ በረዶ በሚጥልበት አገር በየግቢው ቆሟል፤ ካደገ በኋላ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ገደማ ይችላል። እዚያ ብርዱ ቀን ከሌት ይሰነብታል፤ የኛን ረፋድ ላይ ፀሐይ ታባርረዋለች።

ሩቅ መሄድስ ለምን? የአገራችን ዘንባባ በአፍሪካ ተራሮች እስከ 3,000 ሜትር ይበቅላል። ኃይለኛ ውርጭ ቅጠሉን ይለበልበዋል፣ ይህን አንክድም። ነገር ግን ግንዱ ብዙ ነው፤ አንዱ ቢሞት ከሥሩ ሌላ ያበቅላል።

ስለዚህ የኛ አቋም ይኸ ነው። በደጋ የከረመ ችግኝ ይገዛ፤ በሰኔ ይተከል፤ ውኃ በማይተኛበትና ነፋስ በማይመታው ቦታ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት በውርጭ ወራት ማታ ማታ ቅጠሉን ሰብስቦ አስሮ በጆንያ መሸፈን፣ ጠዋት መግለጥ ያስፈልጋል። ውኃ ሥሩ ላይ እንጂ ከአናቱ አይፍሰስበት፣ ልቡ ይበሰብሳል። (ለሆሣዕና ብለው የልቡን ቅጠል የሚጎትቱ ልጆችንም ወላጆች ቆጣ በሉልን።)

ትልልቁን ዛፍ የሚሸጠው ነጋዴ ሦስት ዓመት ለመጽደቁ በጽሑፍ ዋስትና ይስጥ። አልሰጥም ካለ ለምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። እስከዚያ ድረስ የማኅበሩ ማኅተም በሌለው ደረሰኝ ማንም ሰው አንድ ብር እንዳይከፍል እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት