የመንጋጋ ቆልፍ መርዝና የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት ክርክር

ከአዘና እስከ እንጅባራና ዳንግላ ባለው የአዊ ምድር ፈረስ ከኑሮም ከክብርም የማይለይ እንስሳ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውም ይህንኑ ቁርኝት ነው። ፈረስ በበዛበት አፈር ግን ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የተባለው ባክቴሪያም ብዙ ነው፤ በፋንድያ ወጥቶ፣ ስፖር በሚባል ጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ለዓመታት ይቆያል፤ በቁስል በኩል ወደ ሰውነት ሲገባም መርዝ ያመነጫል። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ መርዝ በቀላሉ የሚሸነፈው ፈረስ ነው። ኮቴውን ምስማር የወጋው ፈረስ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሦስተኛው የዓይን ቆቡ ዓይኑን ይጋርደዋል፣ እግሮቹን አንፈራጦ ይገተራል፣ መንጋጋው ስለሚቆለፍም መኖ አይወርድለትም። እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ የተቆረጠ ጨቅላ ሕፃንም የሚሞተው በዚሁ በሽታ ነው፤ ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠውም ባክቴሪያው ከአፈሩ ስለጠፋ ሳይሆን ክትባትና ንጹሕ የወሊድ አገልግሎት ስለተስፋፋ ነው።

ይህ መርዝ በአንጎል ሳይንስ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ያከራከረ አንድ ጥያቄ የተፈተነበት መሣሪያም ሆኗል፤ ጥያቄውም ግሊያ የሚባሉት የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት፣ በተለይም የኮከብ ቅርጽ ያላቸው አስትሮሳይቶች፣ እንደ ነርቭ ሕዋሳት መልእክተኛ ኬሚካል ይለቅቃሉ ወይ የሚል ነው። መልሱ አዎን ነው፤ ይለቅቃሉ። ክርክሩ የተራዘመው ግን ፕሮቲንን ለይቶ የሚያሰናክለው መሣሪያ ሕዋስን ለይቶ ባለማጥቃቱና አስትሮሳይቶች ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆኑ ተደርጎ በመታሰቡ ነው።

በነርቭ ሕዋስ ጫፍ ላይ ግሉታሜትን የመሰሉ መልእክተኛ ኬሚካሎች ቬሲክል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ታጭቀው ይቆያሉ። ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባ በከረጢቱና በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉት ስኔር የተባሉ ፕሮቲኖች እንደሚገመድ ገመድ እርስ በርሳቸው ተጠማዝዘው ሁለቱን ሽፋኖች ያቀራርባሉ፤ ሽፋኖቹ ሲዋሐዱም በከረጢቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ወደ ውጭ ይፈስሳል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ሞንቴኩኮና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ በከረጢቱ ላይ የሚገኘውን ሲናፕቶብረቪን የተባለውን ፕሮቲን አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚገቱት ነርቮች በዚህ ምክንያት ዝም ስለሚሉ ጡንቻው ያለ ልጓም ይኮማተራል።

በ1994 እ.ኤ.አ. ቭላዲሚር ፓርፑራና ፊሊፕ ሄይደን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በላቦራቶሪ ሳሕን ውስጥ ያደጉ አስትሮሳይቶች ካልሲየማቸው ከፍ ሲል ግሉታሜት እንደሚለቅቁና አጎራባች ነርቮችም ለዚህ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳዩ። በቀጣዮቹ ዓመታት የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ በእንዲህ ያሉ አስትሮሳይቶች ላይ ሲሞከር ልቀቱ በመቀነሱ፣ ኬሚካሉ የሚወጣው በከረጢት ውሕደት ነው የሚለው ሐሳብ ጠንካራ ድጋፍ አገኘ። አስትሮሳይት ግን ሁለተኛ ነርቭ አይደለም፤ ከረጢቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ነርቭ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያከናውነውን ውሕደትም ብዙ ጊዜ እጅግ ቀስ ብሎ ይፈጽመዋል።

ችግሩ ጥያቄው ከሳሕን ወጥቶ ወደ ሕያው አንጎል ሲገባ ጎልቶ ታየ። በ2005 እ.ኤ.አ. የስኔር ሥራ በአስትሮሳይቶቻቸው ውስጥ እንዲሰናከል ተደርገው የተዘጋጁ አይጦች ቀርበው፣ ከአስትሮሳይት የሚወጣው ኤቲፒ የተባለ ኬሚካል ወደ አዴኖሲን ተለውጦ የነርቮችን ንግግር እንደሚያረግብ ተጻፈ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ እነዚሁ አይጦች እንቅልፍ ሲከለከሉ የሚመጣባቸው የእንቅልፍ ጫና የተዳከመ መሆኑ ተገለጸ፤ ቡና ከእንቅልፍ የሚያነቃው ካፌይኑ ይኸው አዴኖሲን እንዳይሠራ ስለሚከለክል በመሆኑ ግኝቱ ብዙዎችን የሳበ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን በአይጦቹ ውስጥ የገባው ጂን በነርቭ ሕዋሳትም ውስጥ እንደሚሠራ የሚያሳይ ጥናት ወጣ፤ ታዲያ ለውጡን ያመጣው የአስትሮሳይቱ ዝምታ ነው ወይስ የነርቩ? ተቺዎች ይህን መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ ከዚህ ተነሥተው ውሕደቱ ራሱ የለም ወደማለት የተሻገሩት ግን ማስረጃው ከሚፈቅድላቸው በላይ ሄደዋል።

ጉዳዩን ይበልጥ ያጠራው በ2023 እ.ኤ.አ. የአንድሪያ ቮልቴራ ቡድን በኔቸር መጽሔት ያወጣው ጥናት ነው። ቡድኑ የአስትሮሳይቶችን የጂን እንቅስቃሴ በየሕዋሱ ለይቶ ሲመረምር፣ ግሉታሜትን በከረጢት አጭቆ ለመልቀቅ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን የያዙት ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ አገኘ። ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ልቀት አየሁ፣ ሌላው አላየሁም ሲሉ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ የተለያየ ቦታ የለካ ተመራማሪ የተለያዩ ሕዋሳትን ለክቷልና። ይኸው ቡድን ግሉታሜትን ወደ ከረጢት የሚያስገባውን ፕሮቲን ከአስትሮሳይቶች ብቻ ሲያስወግድ የአይጦቹ ትውስታ ተዳከመ፣ የሚጥል በሽታን የመሰለው መንቀጥቀጥም ተባባሰ። ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ነርቮችን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ጥቂት ደጋፊ ሕዋሳትም መመርመር የሚገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።