የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ከመዛወሩ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ ቤቴ ከአትክልት ተራ በስተጀርባ ሳለ፣ በቤት ሥራ የምትረዳን አንዲት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ጧት ሻይ ሲቀዳልኝ ነጭ ፍርፋሪ በብርጭቆው ውስጥ አየሁ። ማንቆርቆሪያውን ከፍቼ ብመለከት ውስጡ ኖራ እንደ ተቀባ ግድግዳ ሁኖ አገኘሁት። «ይህን ዕቃ ካጠብሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብዬ ተቈጣሁ። «ጋሼ፣ ትናንት ማታም ፈትጌዋለሁ» ብትለኝ አላመንኋትም። በዚያው ሳምንት ታናሹን ልጄን ተቅማጥ ይዞት ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በእርሷና በቅርፊቱ ላይ ጫንሁት። ልጅቱም ጣቷ እስኪላጥ ድረስ በአመድ ስትፈትግ ዋለች፤ ቅርፊቱ ግን አልለቀቀም።

የሚያሳፍረኝ፣ ስለዚሁ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎች የምጽፍ መምህር መሆኔ ነው። ዕውቀቱ ከትምህርት ቤቱ በር አልፎ ወደ ቤቴ አልተከተለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ባወረደ ጊዜ፣ ከተማዪቱ የምትጠጣው የተራራ ምንጭና የወንዝ ውሃ ነበር። ከተማው ሲሰፋ በ1930ዎቹ የገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብ ተሠራ፤ ኋላም ከአቃቂ ምድር ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፍረው ውሃው በሞተር ኃይል ወደ ከተማው ይገፋ ጀመር። እንግዲህ የአንዱ ሰፈር ቧንቧ ከግድብ፣ የሌላው ከጉድጓድ ሊቀዳ ይችላል፤ ጠባያቸውም አንድ አይደለም።

በግድብ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከድንጋይ ጋር ብዙ ስላልኖረ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ወደ ምድር የሰረገው ግን ከአፈሩ ውስጥ አየር ጋር ተዋህዶ ጥቂት ኮምጠጥ ይላልና፣ በድንጋዩ መካከል ለረጅም ዘመን ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዝየም የተባሉትን ማዕድናት ያሟሟል። ይህ ውሃ በሳይንስ መጻሕፍት «ጠንካራ ውሃ» ይባላል። በአንድ ሊትር ውስጥ ማዕድኑ በኖራ ድንጋይ ልክ ሲሰላ ከ60 ሚሊግራም በታች ቢሆን ለስላሳ፣ ከ180 በላይ ቢሆን እጅግ ጠንካራ ነው ይላሉ። ውሃው ሲፈላ አየሩ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ካልሲየሙ ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል በዕቃው ላይ ይጋገራል። የማንቆርቆሪያችን ቅርፊት ይኸው ነበር፤ እድፍም መርዝም አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅትም ለውሃ ጥንካሬ ከጤና የተነሣ የወሰነው ልክ የለም።

ሆኖም ለቤት እመቤት ጣጣ አለው። ሳሙናው አረፋ ሳይሰጥ ያልቃል። በጾም ወራት ሽምብራውና ባቄላው በእሳት ላይ ቢውልም አልበስል ይላል፤ ካልሲየሙ የጥራጥሬውን ቆዳ ያጠነክረዋልና። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ከላይ ያለውን አጥልሎ ጥራጥሬውን በእርሱ መዘፍዘፍና መቀቀል። ሶዳ መጨመርም ያበስላል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ 1 የተባለውን ያጐድላል። ለማንቆርቆሪያው ደግሞ አመድና ጥፍር አያስፈልግም፤ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ከውሃ ጋር አፍልቶ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም ማለቅለቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ልጄ ሕመም ልመለስ። ወደ ሕክምና ብወስደው ባለሙያው ስለ ማንቆርቆሪያው ምንም አልጠየቀኝም። «ልጁ ጥሬ ውሃ ይጠጣልን? ውሃውንስ በምን ታኖሩታላችሁ?» አለኝ። ውሃ በፈረቃ ይመጣልን ስለ ነበር በበርሜል እናጠራቅም ነበር። ቤት ገብቼ እጄን በበርሜሉ ውስጥ ብሰድድ ግድግዳው እንደ ዓሣ ቆዳ ሙልጭልጭ ይል ነበር። ውሃው ግን እንደ መስተዋት የጠራ ነበር፤ ልጄም በጣሳ ይቀዳ የነበረው ከዚያ ነው። የሕመም ተሕዋስያን በዓይን አይታዩምና ጥራት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የማጠራቀሚያ ዕቃችሁን ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ክደኑ፣ ጣሳ አትንከሩበት። የምትጠራጠሩትን የመጠጥ ውሃ አፍሉ። በፒያሳ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል።

በዚያ ማታ ልጅቱን ጠርቼ፣ «በድየሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። እርሷም አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ በርሜሉን ደፍተን እንጠበው ብዬዎት ነበር እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። «ውሃ አታባክኚ» ብዬ የከለከልኋት እኔው ነበርሁ።

በማግሥቱ ጧት ውሃው ሳይጠፋ እጅጌዬን ሰብስቤ በርሜሉን ያጠብሁት እኔ ነኝ።