ሰዓቱን በእጅ ማዞር ይቁም!

ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው ተርባይኑን አዙሮ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት መጠበቅ አለበት። ከዚያ ብዙ ከራቀ የኃይል መረቡ ይናጋል። ስለዚህ የሚቆጣጠረው መሣሪያም ሰውም አለ። ያው ኤሌክትሪክ ባሕር ዳር ደርሶ የሚያስነሳውን የቢሮ ኮምፒውተር ሰዓት ግን የሚፈትሽ ማነው?

የሙያው ሰዎች ሌላ ክርክር አላቸው። ዊንዶውስ የስርዓት ሰዓቱን ለረዥም ዘመን በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ሲያድስ ኖሯል፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የተሻለ መለኪያ ጨምሯል። ሊኑክስ በናኖሰከንድ ቆጥሮ ይሰጣል። መልካም! ግን በናኖሰከንድ እየቆጠረ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚሳሳት ማሽን ምን ይፈይዳል?

ስድስት ሰዓት ማጋነን አይደለም። ማሽኑ ጠዋት 8:00 ሲል ሠራተኛው "2 ሰዓት ነው እንጂ" ይልና ራሱን የሚያስተካክልበትን መንገድ ዘግቶ በእጁ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ለዓይን ተስተካከለ፤ ለማሽኑ ግን ገና ሌሊት ነው። ጠዋት የተጻፈ ደብዳቤ በውድቅት የተጻፈ ይመስላል። ዛሬ የታደሰ የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት "ጊዜው አልደረሰም" ተብሎ ይታገዳል።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው የተጫኑበት ማሽን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ የማሽኑን የውስጥ ሰዓት የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነባል፣ ሌላው የዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው ብሎ። በኢትዮጵያ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋም ይብሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በዚያ መስመር ሰዓቱን ያስተካክል የነበረ ማሽን ሁሉ ለገዛ ክሪስታሉ ተተወ። ከሚሊዮን 20 የሚሳሳት ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በዓመት 10 ደቂቃ ያህል ይስታል። ጨረታ በደቂቃ ተቆጥሮ በሚዘጋበት አገር 10 ደቂቃ የሰው እንጀራ ነው። "አርፍደሃል" የተባለው ተጫራች አቤት ቢል፣ የትኛው ሰዓት ሊመሰክር ነው?

መፍትሔው የሐበሻን ሰዓት መተው አይደለም። ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር ሕዝብ አልተሳሳተም፤ ጥፋቱ የሕዝቡን አቆጣጠር ማሳያ ሳያበጁ ማሽን የሚሸጡትና ሳይጠይቁ የሚገዙት ነው። የውስጡ ቆጠራ አይነካ፤ የሚቀየረው ማሳያው ይሁን። ቢሮዎችም የሞተች የቦርድ ባትሪ ይለውጡ፣ ሰዓታቸውን በየወሩ ያመሳክሩ፣ የተጠያቂውን ስም በወረቀት ያስፍሩ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ኃላፊነት ብቻ ይጠይቃል።