የሐይቅ ዳር ቤትና የአማኝ ፊርማ

ከወረታ ወደ ጣና አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ዓይኑ ቢጎመጅ አይፈረድበትም። ሰፊው የፎገራ ሜዳ በክረምት የሩዝ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ሩዙ ሲታጨድ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅልበታል። ከሜዳው ጫፍ ሐይቁ ተዘርግቷል። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጌታ በንግድ የባረከው ወንድም፣ በውጭ አገር ለዓመታት የለፋች እኅት በዚያ ዳርቻ ቤት ሠርተው ቀሪ ዘመናቸውን በሰላም ለመኖር ቢመኙ አያስገርምም። ታዲያ ጥያቄው ወደ እኛ ወደ አገልጋዮችም ይመጣል፦ «ፓስተር፣ አማኝ በሐይቅ ዳር ቦታ ቢገዛ ምን ችግር አለው?»

መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ቤት መመኘትም መግዛትም ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ሳለች በአናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ በአሥራ ሰባት ሰቅል ብር ገዝቷል (ኤር. 32)። አገዛዙን ልብ በሉ። ብሩ በሚዛን ተመዘነ፣ ውሉ ተጻፈ፣ ምስክሮች ፈረሙ፤ የታተመው ቅጂም ያልታተመውም በሰው ሁሉ ፊት ተሰጠ። የተደበቀ ነገር አልነበረም። በወረቀቱ ላይ ያለው ነገር በእውነት የሆነው ነገር ነበር።

ሁለተኛ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ በማስጻፍ መሬት መያዝ ለክርስቶስ ተከታይ አይገባም።

የአገራችን ሕግ ግልጽ ነው። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን ከግል ባለቤትነት አወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ቤት ግን መሸጥ ይችላል። ስለዚህ በባሕር ዳር ወይም በወረታ ከተማ ካርታ ያለው ቤት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የገበሬን የሩዝ ማሳ ከሐይቁ ዳር ቆርሶ መግዛት ሌላ ነገር ነው። ገበሬው ማሳውን ለተወሰነ ዘመን በተመዘገበ ውል ማከራየት ይችላል እንጂ መሸጥ አይችልም።

ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዘሌዋውያን 25 ቅጥር ባለው ከተማ ያለ ቤት፣ ሻጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠው፣ ለገዢው ለዘለቄታው ይጸናል። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት ግን እንደ እርሻው ይቆጠራል፤ በኢዮቤልዩ ለባለቤቱ ይመለሳል። ምክንያቱ በቁጥር 23 ላይ ተቀምጧል፦ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናት፣ ሕዝቡ በእርሱ ዘንድ እንግዳና መጻተኛ ነው። የእኛ ሕግ ከሙሴ ሕግ ተቀዳ እያልሁ አይደለም። የመሬት ፖሊሲው ትክክል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይም አማኞች ልንለያይ እንችላለን። ሕጉ ይሻሻል ብሎ መናገር የዜጋ መብት ነው። ሕጉን በሐሰት ወረቀት ማለፍ ግን የኅሊና ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽያጩ «ኪራይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወይም «ብድር»፤ ወይም ዝምድና በሌለበት «ስጦታ»። እውነተኛው ዋጋ በወረቀቱ ላይ አይታይም። የይዞታ ደብተሩ በገበሬው ስም ይቀራል። ከዚያ ምስክር ይፈለጋል፤ «መንፈሳዊ ሰው ነው፣ ይታመናል» ተብሎም ወንድማችን ይጠራል። ወገኖቼ፣ ሰዎች ፊርማችንን የሚፈልጉት ስለምንታመን ነው። ጌታ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ብሎ ያስተማረን (ማቴ. 5፥37) በጸሎት ቤት ውስጥ ብቻ እንድንጠብቀው አይደለም።

«ገበሬው ራሱ ፈልጎ ነው የሸጠው» የሚል አለ። ለምን ፈለገ? ሚስቱ ታማ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳ አስጨንቆት ሊሆን ይችላል። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት በጥሩ ዋጋም አልሸጥም ሲል አክዓብ ያገኘው በታተመ ደብዳቤና በሐሰት ምስክሮች ነበር (1ኛ ነገ. 21)። የእኛ ጉዳይ የደም አይደለም፤ መሣሪያው ግን ያው ወረቀትና ምስክር ነው። የተቸገረን ሰው መርዳት ከፈለግን እናበድረው፤ ወይም ማሳውን በትክክለኛ ዋጋ እንከራየው። የልጆቹን እንጀራ ወስደን «ረዳሁት» አንበል።

ሐይቁ ራሱም አስተማሪ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጣና ውሃ እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር፤ ውሃው የለቀቀውን መሬት ብዙዎች አረሱት። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚፈስሱት በዚሁ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ከፍ ሲል ሩቅ ይሄዳል። የአገሩ ሰው ውሃው የሚለቀውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። የሸሸ ደግሞ ይመለሳል። ደላላው በግንቦት ያሳያችሁን ቦታ በነሐሴ ሄዳችሁ እዩት። በዚያ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እንቦጭ የዳርቻውን ውሃ እየሸፈነ አስቸግሯል፤ ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በሕግ ያልቆመ ቤት ቢፈርስ ማን ዘንድ ይከሰሳል? ውሉን ለዳኛ ማሳየት ራስን ማጋለጥ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ።

ይህ ቃል ለቤተ ክርስቲያንም ነው። በእኛ አካባቢ ወንጌላውያን ጥቂት ነን፤ ለአምልኮና ለመቃብር የሚሆን ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ ዓመት የጠበቀ ጉባኤ በአንድ ምእመን ስም፣ በስውር ውል ማሳ ለመያዝ ቢፈተን ድካሙ ይገባኛል። ሆኖም በሐሰት ወረቀት ላይ በተተከለ ጸሎት ቤት ስለ እውነት እንዴት እንሰብካለን? የሚመለከቱን ጎረቤቶቻችንስ ስለ ጌታችን ምን ያስባሉ? በኪራይ ቤት በንጹሕ ኅሊና መዘመር ይሻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። በሰው ፊት ልታነቡት የማትደፍሩትን ውል አትፈርሙ። ሽማግሌዎችና ዲያቆናት፣ የተሸፋፈነ ሽያጭ ላይ ምስክር እንድትሆኑ ስትጠሩ በትሕትና እንቢ በሉ። ቀድማችሁ የገባችሁበት ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ዘኬዎስ በቤቱ ጌታን የተቀበለ ዕለት ሒሳቡን አስተካክሏል (ሉቃ. 19)። ገበሬውን ጠርታችሁ፣ የሕግ አዋቂ አማክራችሁ፣ ውሉን ወደ እውነተኛ ኪራይ መልሱት፤ ካልሆነም ማሳውን መልሱለት። ገንዘባችሁን ስትጠይቁ ግን አታንቁት፤ እንደ አቅሙ ይክፈል። ከፊሉ ቢቀርባችሁም ኅሊናችሁ ያተርፋል።

እምነታችንን ገና በመመርመር ላይ ያላችሁ ወዳጆችም፣ እኛን በዝማሬያችን ብቻ ሳይሆን በውላችንም መዝኑን፤ ተገቢ ነው። አብርሃም በተስፋው ምድር እንኳ በድንኳን ኖረ፤ እግዚአብሔር የሠራትን፣ መሠረት ያላትን ከተማ ይጠብቅ ነበርና (ዕብ. 11፥9-10)። ያቺን ከተማ የሚጠብቅ ሰው ለሐይቅ ዳር ቤት ሲል ስሙን አይሸጥም።

ጌታ ቤታችሁንም ፊርማችሁንም ይባርክ። አሜን።